ጣሪያ ላይ የወረወርኩት ጥርስ

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ነገሬ ከረዘመባችሁ ታገሡኝ፤ አሳጥሮ ለመጻፍ ብዙ መማር ያስፈልጋል ይላሉ። የምነግራችሁ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ በዝናብ ነግቶ በዝናብ የመሸ አንድ የነሐሴ ቀን። እስከ ዛሬ ሳስበው የኖርኩት ሳይሆን በእንቅልፍ ልቤ ያየሁት ይመስለኛል።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ቤታችን አቃቂ ነው፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ። ባለቤቴ ልጃችን ምሕረት ገና ሳትራመድ ስላረፈ ብቻዬን ነው ያሳደግኋት። የምሠራው ክር ፋብሪካ ነው፤ ማሽን ላይ የተበጠሰ ክር ፈልጎ መቀጠል ነው ሥራዬ። ቀኑን ሙሉ የሚበጠስ ነገር ስጠብቅ ውዬ ቤቴ ስገባም ዓይኔ ያንኑ ይፈልጋል። በር ቆልፌ ከመንገድ እመለሳለሁ። ቡታጋዝ አጥፍቼ እንደገና ላጠፋ እነሳለሁ። ልጄ ሻይ ስትጠጣ «ያቃጥልሻል»፣ ስትሮጥ «ትወድቂያለሽ»፣ ዝም ስትል ደግሞ «ምን ሆንሽ?» እላታለሁ። ሰፈሩ «ወይዘሮ ተጠንቀቁ» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ስሙን ያወጡልኝ ግድግዳ የሚጋሩን ባለሱቁ ጋሽ ሁሴን መሆናቸውን አውቃለሁ። በሱቃቸው በኩል ባለፍኩ ቁጥር፣

«እንዴት ነሽ ወይዘሮ ተጠንቀቁ፣ ሰማዩ የሚወድቀው ዛሬ ነው ወይስ ነገ?» ይሉኛል።

«እርስዎ ብቻ ቆርቆሮዎን አጥብቀው ይምቱ!» እላቸዋለሁ።

ምሕረት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ስለቆየ የሰፈሩ ልጆች ሐዲዱ ላይ እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው እየሄዱ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጄን ብረቱ ላይ አየኋት። ዘንበል ሳትል፣ ቀጥ ብላ፣ እያዜመች ትሄዳለች። እኔ ግን አላስቻለኝም።

«ምሕረት! ተጠንቀቂ!»

ድምፄን ሰምታ ዞረች። ስትዞር ወደቀች። ፊቷ ብረቱ ላይ አረፈ።

ከላይ ከፊት ለፊት አንዱ ጥርሷ ከነሥሩ ወለቀ፤ የጎኑ ደግሞ ጫፉ ተሸረፈ። የወለቀውን ከጠጠሩ መሐል አነሣሁት። ሙሉ ነበር፤ ምንም አልጎደለውም። የእኩዮቿ ጥርስ በዚያ ሰሞን እየተነቃነቀ ስለነበር የእሷም የልጅነቱ መሰለኝ። አፏን በጨው ውኃ አጠብኩላት። «አታልቅሺ፣ ይበቅላል» አልኳት። ከዚያ እንደ ወጋችን እጇን ይዤ ወደ ደጅ ወጣንና ሁለታችንም «ቁራ ቁራ፣ ክፉውን ጥርስ ውሰድ፣ ደጉን ጥርስ አምጣ» ብለን ጣሪያው ላይ ወረወርነው። ቆርቆሮው ቀጭ አለ። ትንሽ ተንከባለለና ዝም አለ።

አልበቀለም።

ልጄ ለወራት ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ድዷን በጣቷ ትዳስስ ነበር። በኋላ መስታወቱን ተወችው። ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ለመደች። ቀጥሎ ሳቁንም አሳጠረችው። የሚወልቅ የፕላስቲክ ጥርስ አሠራንላት፤ እየተንቀሳቀሰ ስለሚያሳፍራት ሰው ፊት አትበላም። ሃያ ዓመት ሲሞላት የመምህርነት ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት ነበር፤ እኔ ግን እጇ አፏ ላይ ሆኖ እንዴት አድርጋ እንደምታስተምር አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት ሳሪስ ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ስሟን ሰላም ልበላት። እንደ ብሎን ያለች ቀጭን ብረት መንጋጋዋ ውስጥ እንደምትተክልላትና በላይዋ ቋሚ ጥርስ እንደሚሠራ ነገረችን። «ችግሩ» አለች ራጁን ወደ ብርሃን አንሥታ፣ «ጥርስ የሌለበት አጥንት ሥራ እንደፈታ ሰው ይከሳል። ብሎኑን የሚይዝ አጥንት የለም። መጀመሪያ አጥንት ማብቀል አለብን።»

አጥንት ማብቀል! ቃሉ ራሱ ተረት መሰለኝ።

ያን ቀን ወረፋ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ነበር። ወተት የተሞላ ብርጭቆ፣ በውስጡ ጥርስ። ቀስ ብዬ፣ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። የወለቀ ቋሚ ጥርስ ሥሩ ሳይነካ በወተት ተደርጎ በሰዓቱ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ ወደ ቦታው ሊመለስ እንደሚችል ነው የሚለው። ደግሜ አነበብኩት። ጆሮዬ ውስጥ ቆርቆሮው ቀጭ አለ። ልጄ የወደቀች ቀን ሑዳዴ ነበርና እኔ ቤት ወተት አልነበረም፤ ጋሽ ሁሴን ሱቅ ውስጥ ግን ነበር። ግድግዳችን አንድ ነው።

«ምን እያነበብሽ ነው እማ?» አለችኝ ምሕረት።

«ምንም» አልኳት። ተነሥቼ ሥዕሉን በሰውነቴ ከልዬ ቆምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት ብቻ ቀረኝ። ይህችን ነገር ያወቀች ቀን ልጄን አጣታለሁ ብዬ አመንኩ። ጩኸቴ ጣላት፣ እጄ ደግሞ ጥርሷን ጣለ። ምን ብዬ ነው የምነግራት?

አጥንቱ የሚሠራላት ቀን ደረሰ። ፍልሰታ ነበር። ከሌሊቱ ጀምሮ ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም አላባራም። ከቃሊቲ ቀላሉን ባቡር ይዘን ስንሄድ ከመስኮቱ ውጭ ፋብሪካዎቹም መጋዘኖቹም ጭጋግ ውስጥ ሰጥመው ነበር። መኪኖቹ ከሥራችን ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ሁለታችን ብቻ ደመና ላይ የምንንሳፈፍ መሰለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ስላልዞረ ይሆናል።

ክሊኒኩ ስንደርስ ዶክተር ሰላም ትንሽ ብልቃጥ አሳየችን። በውስጡ እንደ ተፈጨ ጨው ያለ ነጭ ነገር አለ።

«ይሄ የአጥንት ዱቄት ነው። ክፍተቱን እንሞላበታለን፤ የእሷ አጥንት ቀስ እያለ በላዩ ላይ ይወጣና ይተካዋል።»

«የምን አጥንት ነው?» አልኩ።

«የከብት ነው እማማ። በደንብ የጸዳ ነው፤ ሥጋም ስብም የለውም።»

«ዶክተርዬ፣ ጾም እኮ ነው!»

ምሕረት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እማ፣ እኛ እንጹም፤ መንጋጋዬ ብቻዋን ትግደፍ። ለንስሓ አባታችን ለብቻዋ እልካታለሁ።»

«አትቀልጂ!»

«አይዋጥም እማማ» አለች ዶክተሯ ፈገግ ብላ። «መድኃኒት ነው።»

ልጄን አስገቧት። በሩ ተዘጋ።

የመጠበቂያው ክፍል ጣሪያ በከፊል ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ይደልቃል። ነጠላዬን ተከናንቤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዳዊት ልድገም ብዬ ነበር፤ ቃሉ ከዝናቡ ጋር እየተቀላቀለ ጠፋብኝ። ዓይኔን መክደኔን አላውቅም። ብቻ ራሴን የቤታችን ጣሪያ ላይ አገኘሁት። ቆርቆሮው እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ትልም ሆኗል። በየትልሙ ጥርስ ተዘርቷል። ዝናቡ ሲነካው ነጭ ነጭ ነገር ከሥሩ ብቅ ይላል። ልሰበስበው ጎንበስ አልኩ፤ የነካሁት ሁሉ መዳፌ ላይ ዱቄት ሆነ። ከታች፣ ከሐዲዱ ላይ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቀና ብላ «እማ፣ አትንኪው» አለችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም።

«እማማ… እማማ፣ አይደንግጡ።»

«አይደንግጡ» ሲሉኝ ነው የምደነግጠው። ብድግ አልኩ። ዶክተር ሰላም የአፍ መሸፈኛዋን አገጯ ላይ አውርዳ ቆማለች።

«ደህና ናት። ድዷን ከፍተን ስናየው ግን አጥንቱ ራጁ ላይ ካየነው ይልቅ ሳስቷል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሆኗል። ዱቄቱ ብቻውን አይበቃም። ከራሷ የታችኛው መንጋጋ፣ ከወደ ኋላ፣ ጥቂት አጥንት ፍቀን ልንቀላቅልበት እንችላለን። ካልፈለገች እንዘጋውና ሌላ ጊዜ እንሞክራለን። ችግሩ፣ ከቆየ ከዚህም ይሳሳል።»

«ከኔ ውሰዱላት!» አልኩ። «መንጋጋዬ ጠንካራ ነው። ከፈለጋችሁት ቦታ ውሰዱ።»

ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ለእሷ የራሷ ነው የሚሻላት፣ እማማ።»

ለልጄ ከእኔ የሚሻል ነገር በራሷ ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ውሳኔው የምሕረት ነው» ቀጠለች። «መናገር ስላልቻለች ወረቀት ሰጠናት። ‘እማን ጥሩልኝ’ ብላ ጻፈች።»

ጫማዬ ላይ ላስቲክ አጠለቁልኝ፣ ጋውን አለበሱኝ። ክፍሉ ነጭ ነው፤ ከመብራቱ የተነሣ ግድግዳው የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ልጄ ጋደም ብላለች። ከአፏ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ፤ አፏ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገውባታል። ረዳቷ ወረቀቱን ደግፋ ያዘችላት። ምሕረት ጻፈች። ተኝታ ስለጻፈችው ፊደሉ ዘሟል።

«እማ ስለዘገየሁ ፈርተሽ ይሆናል ብዬ ነው። ከራሴ ይውሰዱ። እሺ ልበላቸው?»

መንጋጋዋ ተከፍቶ ስለ እኔ ፍርሃት ትጨነቃለች።

እሺ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ግን ከጉሮሮዬ የወጣው ሌላ ሆነ። አሁን ካልነገርኳት መቼም እንደማልነግራት ገባኝ። ምናልባትም መልስ መስጠት ስለማትችል ይሆናል የደፈርኩት፤ ያንን አልክድም።

«ምሕረቴ፣ ያንን ጥርስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። «ወተት ውስጥ ተደርጎ ሐኪም ጋ ቢሄድ ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር። ግድግዳው ላይ አነበብኩት። ወተቱ ጋሽ ሁሴን ጋ ነበር። እኔ ጣሪያ ላይ ወረወርኩት። ደግሞም የወደቅሽው ስለጮህኩብሽ ነው። ባልጮህ ኖሮ ቀጥ ብለሽ ትሄጂ ነበር። አይቼሻለሁ እኮ፣ ቀጥ ብለሽ ነበር የምትሄጂው።»

ዶክተሯ ዞር ብላ ዕቃዎቿን መደርደር ጀመረች። የልጄን ዓይን አየሁ። እንባ አለው፤ የምን እንባ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። እጇ ወረቀቱን ፈለገ። መጻፍ ጀመረች። ስክርቢቶው ሲፋቅ ይሰማኛል። ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ንባብ ላይ ቀርፋፋ ነኝ። እያንዳንዱን ፊደል ከብርሃኑ ውስጥ እየለቀምኩ አነበብኩ።

«አ…ው…ቃለሁ።»

ቀና አልኩ። ቀጥይ አለችኝ በዓይኗ።

«ሰባተኛ ክፍል ስለ ጥርስ ተማርን። አንቺ ሥራ ስትሄጂ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሁሴን መሰላል ያዙልኝ። አሸንዳው ውስጥ አገኘሁት።»

ሰባተኛ ክፍል! እኔ ሻይ ያቃጥላታል ብዬ የምሰጋላት ልጅ ጣሪያ ላይ ወጥታለች። ጋሽ ሁሴን ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት «ሰማዩ የሚወድቀው መቼ ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ይህን ምሥጢር ይዘው ነበር።

ከወረቀቱ በታች አንድ መስመር ቀርቶ ነበር።

«ያልነገርኩሽ እንቅልፍ እንዳታጪ ነው።»

ረዳቷ ወንበር አስጠጋችልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ልጄን እየጠበቅሁ ነው ብዬ ሳምን የምጠበቀው እኔ ነበርኩ። እኔ አንድ ሥዕል በሰውነቴ ስከልልባት፣ እሷ ሙሉ ጥርስ ደብቃልኝ ኖራለች።

ዶክተር ሰላም መሳቢያ ከፍታ ትንሽ ሳጥን አወጣች። ምሕረትን «ላሳያቸው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ በዓይኗ እሺ አለች። ሳጥኑ ውስጥ ጥጥ ላይ፣ ትንሽ የወየበ፣ ረጅም ሥር ያለው ጥርስ ተኝቷል። ወዲያው አወቅሁት።

«ሁለተኛ ቀጠሮዋ ላይ ብቻዋን ይዛው መጣች» አለች ዶክተሯ። «መተከል አይችልም፤ ጊዜው አልፏል። ግን የጎኑ ጥርስ ጫፉ ስለተሸረፈ ቅርጹን ከእሱ መውሰድ አንችልም። አዲሱን ጥርስ የምናሠራው ይሄንን አይተን ነው።»

የልጄን እጅ ያዝኩ። አሁንም ያቺን አንድ ቃል እየጠበቀች ነበር።

«እሺ በያቸው» አልኳት። «የራስሽ ይሻላል።»

ሁሉም ሲያበቃ ዶክተር ሰላም ዱቄቱን የሸፈነችበትን ነገር ልታስረዳኝ የተረፈውን ቁራጭ አሳየችኝ። እንደ ሳሳ ብራና ነው። «ሥጋ ቸኳይ ነው፣ እማማ» አለችኝ። «ክፍት ቦታ ካየ ሮጦ ይሞላዋል። አጥንት ዝግተኛ ነው። ሥጋው ቀድሞ ከገባ አጥንቱ ቦታ ያጣል። ይቺ ሽፋን ሥራዋ አንድ ነው፤ ሥጋውን ‘ቆይ፣ ጠብቅ’ ትለዋለች። አጥንቱ ሲደርስ ሟሙታ ትጠፋለች። አሁን እናንተ ማድረግ ያለባችሁ አለመንካት ብቻ ነው። በኃይል አትጉመጥመጥ፣ በጣቷ አትነካካው፣ እርስዎም ከንፈሯን ገልጠው አይዩ።»

«አንዴም?»

«አንዴም።»

ወደ ቤት ስንመለስ ምሕረት ትከሻዬ ላይ ተኛች። ጉንጯ አብጧል። ዝናቡ አልቆመም። ከባቡር ወርደን አቃቂ እስክንደርስ የዶክተሯ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ሥጋው እኔ ነበርኩ። ልጄ ዝም ባለች ቁጥር፣ አንድ ክፍት ቦታ ባየሁ ቁጥር፣ በስጋቴም በጩኸቴም ሮጬ የምሞላው እኔ ነኝ። የእሷ አጥንት ማደጊያ ቦታ አጥቶ ነበር።

ጋሽ ሁሴን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። የልጄን ጉንጭ አዩ፤ እኔንም አዩ። «ምነው ወይዘሮ ተጠንቀቁ፣ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«መሰላሉን አውቄያለሁ፣ ጋሽ ሁሴን።»

ገብተው ሁለት ወተት አምጥተው እጄ ላይ አኖሩና፣ «ለእሷ ነው፤ ትኩስ አትስጫት» ብለው ተመለሱ። ጾም መሆኑን ረስተውት እንደሆነ ወይም አውቀው እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ለታመመ ተፈቅዷልና ልጄ ጠጣችው። እኔ ብርጭቆውን አጠብኩት፤ ሳጥብ አለቀስኩ።

ስድስት ወር ጠበቅን። ከባዱ እሱ ነበር። ከንፈሯን ገልጬ ማየት እያማረኝ እጄን መቀነቴ ውስጥ ሸጉጬ የዋልኩበት ቀን ብዙ ነው። በየካቲት ዶክተሯ አዲሱን ራጅ አነሣች። ድሮ ጥቁር የነበረው ቦታ ላይ እንደ ጠዋት ጉም ያለ ነጭ ነገር ሞልቷል። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይነካው በቅሏል። ብረቷ ተተከለች፤ ደግሞ ጥቂት ወራት ጠበቅን፤ በሰኔ ጥርሱ ተሠራ። ከጥንቱ ጋር አስተያየሁት፤ መንትያ ነው። ቁራው ዘግይቶም ቢሆን ቃሉን ጠበቀ አልኩ በልቤ።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ልጃችሁ ብትወድቅ፣ ቋሚ ጥርሷ ቢወልቅ፣ ሥሩን አትነካኩት፤ ወተት ፈልጉና ወደ ሐኪም ሩጡ። ያኔ ሩጡ። ሌላውን ግን ሁሉ ሮጣችሁ አትሙሉት። እኔ አሁንም እፈራለሁ፤ ፍርሃት እንደ ጥርስ ነቅለው የሚጥሉት ነገር አይደለም። በርም አሁንም ተመልሼ አያለሁ፤ አንዴ ብቻ ግን። ልጄ ዝም ስትል ደግሞ ዝም ማለት ለምጃለሁ። የሚገርመው፣ ዝም ስላት ታወራኛለች።

አዲሱ ጥርስ በገባላት ቀን ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሐዲዱ በኩል ወደ ቤት እየሄድን ነበር። ዝናብ አባርቶ ብረቱ እርጥብ ነው። የጥንቱ ጥርስ በጥጥ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ምሕረት ድንገት ቦርሳዋን ሰጠችኝና ሐዲዱ ላይ ወጣች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘረጋች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ ሁለት። ጫማዋ እርጥቡ ላይ ትንሽ ተንሸራተተ።

ቃሉ ከደረቴ ተነሥቶ ምላሴ ላይ ደረሰ። እጄን አንሥቼ አፌን አጥብቄ ያዝኩት፤ ልክ እሷ ዐሥራ አንድ ዓመት እንደያዘችው።

ቀጥ ብላ ሄደች። እስከ መጨረሻው ሄደች። ከዚያ በራሷ ጊዜ ዞረችና፣ እኔን አፌን ይዤ ቆሜ ስታይ፣ ሁለት እጆቿ እንደተዘረጉ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ሳቀችብኝ።